በቀመር የተጠላለፈ በቀመር ይፈታል

ቆይ እስኪ፣ ማውሱን ልቀቂው። እንዲህ መስመር በመስመር እየተከተልሽ አትዘልቂውም። ወደ ኋላ ራቅ ብለሽ የፕሮግራሙን ፍሰት የሚያሳየውን ግራፍ ቅርጽ እዪ። ብሎኮቹ ሁሉ በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ የሚወጣው ቀስት ደግሞ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይገባል። እንዲህ ያለ ኮድ ሰው አይጽፍም። ሰውየው የጻፈው ቀጥ ያለ ፕሮግራም ነበር፤ ያጠላለፈው ኮምፓይለሩ ነው። ይሄን ስታውቂ ግማሹ ጭንቀትሽ ይቀላል፤ ማሽን በቀመር ያጠላለፈውን በቀመር መፍታት ይቻላልና።

በማጠላለፉ ሥራ ስሙ ቶሎ የሚነሣው መሣሪያ ኦብፈስኬተር-ኤልኤልቪኤም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በስዊዘርላንድ፣ ኢቨርዶን-ሌ-ባን ከተማ በሚገኝ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ውስጥ ተመራማሪዎች ጀመሩት። ሐሳባቸው ሶፍትዌር በቀላሉ እንዳይገለበጥና እንዳይነካካ መከላከል ነበር። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ግን ደጉም ክፉውም ይጠቀምበታል። ሦስት ነገር ይሠራል፤ ከቀላሉ እንጀምር።

አንደኛው ስሌትን ማወሳሰብ ነው። «ሀ + ለ» የነበረው «ሀ − (−ለ)» ይሆናል፤ ሌሎቹም ስሌቶች እንዲሁ ይረዝማሉ። የማሽኑን ኮድ ወደሚነበብ ኮድ የሚመልሰው ዲኮምፓይለር ከዚህ ጥቂቱን ራሱ ያቃናዋል። ለቀረው አጭሩን አቻ ጻፊና ዜድ-ስሪ በሚባለው የማይክሮሶፍት ፈቺ አረጋግጪው። ሁለቱ ለማንኛውም ቁጥር እኩል መሆናቸው ከተረጋገጠ ቀይሪ። ስለመሰለሽ ብቻ ግን እንዳትቀይሪ።

ሁለተኛው የሐሰት መንገድ ነው። ይኸው፣ ይሄን ሁኔታ እዪው፤ አንድን ቁጥር ከእሱ በአንድ ከሚያንሰው ጋር አባዝቶ፣ ውጤቱ ሙሉ ለሁለት ይካፈላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ተከታታይ ከሆኑ ሁለት ቁጥሮች አንዱ የግድ ሙሉ ነው፤ ብዜታቸውም ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ቁጥሩ ከ32 ቢት ቢያልፍ እንኳ የሚቆረጠው ከላይ ስለሆነ ጎዶሎ አይሆንም። ስለዚህ «አይካፈልም» ለሚለው መልስ የተዘጋጀው ብሎክ በሙሉ ፈጽሞ የማይረገጥ ነው። በዚህ መሣሪያ የሚፈተሹት ተለዋዋጮች ከዜሮ የሚነሡና ማንም የማይጽፍባቸው ናቸው። የሚጽፍባቸው አለመኖሩን አንቺም አጣሪ፤ ከዚያ ዋጋቸውን ዜሮ አድርገሽ፣ ያሉበትን ክፍል ለንባብ ብቻ ብለሽ ምልክት አድርጊበት። ዲኮምፓይለሩ የሐሰቱን ቅርንጫፍ ራሱ ይቆርጥልሻል።

ሦስተኛው፣ አሁን ያደከመሽ፣ ፍሰቱን ጠፍጣፋ ማድረጉ ነው። ሚና ዛይድ ዓሣ ገበያ ስንሄድ ዓሣውን ገዝተን ወደሚያጸዱት እንወስዳለን፣ ከዚያ ወደሚጠብሱት። አሁን በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ፣ «ከእያንዳንዱ ቦታ በኋላ ወደ እኔ ተመለሱ፤ የያዛችሁትን ቁጥር አይቼ ቀጣዩን እነግራችኋለሁ» ቢለን አስቢው። ሥራው ያው መግዛት፣ ማጽዳት፣ መጥበስ ነው። ዳር ቆሞ ለሚያይ ግን ሁሉም ከበሩ ሲነሣና ወደ በሩ ሲመለስ ብቻ ነው የሚታየው። ኮምፓይለሩም እንዲሁ አድርጓል፤ አንድ አከፋፋይ ሉፕ መሐል ላይ ተክሎ ቅደም ተከተሉን በቁጥር ውስጥ ደብቆታል።

ስለዚህ ቁጥሩን ያዢ። ትልልቅና ትርጉም የለሽ ባለ 32 ቢት ቁጥሮች የሚጻፉበት ተለዋዋጭ የትኛው እንደሆነ ፈልጊ። የትኛው ቁጥር ወደየትኛው ብሎክ እንደሚወስድ በሰንጠረዥ አስቀምጪ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ብሎክ ሲጨርስ የሚጽፈውን ቁጥር አይተሽ በቀጥታ ከተከታዩ ጋር አገናኚው። አንድ ብሎክ ሁለት ቁጥር ካለው ዋናው ፕሮግራም እዚያ ላይ «ከሆነ፣ ካልሆነ» ነበረው ማለት ነው፤ ሁለቱንም መንገድ አቆዪ። ይሄን ሁሉ በአሴምብሊ ላይ አትሞክሪ። አንዱ ሐሳብ እዚያ በብዙ መልክ ይጻፋል፤ ዲኮምፓይለሩ ለራሱ በሚያዘጋጀው መካከለኛ ኮድ፣ በማይክሮኮዱ ላይ ግን መልኩ ጥቂት ነው።

ሮልፍ ሮልስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄክስ-ሬይስ ዲኮምፓይለርን ማይክሮኮድ ተጠቅሞ ይህን የሚሠራ ፕለጊን ጽፎ ኮዱን ለሁሉም ለቀቀ። የተነሣበት አኔል የተባለ የስለላ ፕሮግራም ናሙና ነበር። በ2019 ታካሂሮ ሃሩያማ ሌሎች የአኔል ናሙናዎችን ሲይዝ ፕለጊኑ እንደነበረ አልሠራለትም፤ እየለዋወጠ አስፋፋው። ከዚህ የምትይዢው፣ የሰው መሣሪያ አውርደሽ ካልሠራ ተስፋ አለመቁረጥን ነው። የናሙናሽ ኮምፓይለር ምን እንደለወጠ እዪና ደንቡን አስተካክዪ። ስታጸጂም ከየትኛው ጥያቄ እንደተነሣሽ አትርሺ፤ ፕሮግራሙ ከማን ጋር እንደሚገናኝ ለማወቅ ከሆነ የኔትወርኩን ክፍል ብቻ አጽጂ። በመጨረሻም ዋናውንና የጸዳውን በአንድ ዓይነት ግብዓት አሂደሽ አወዳድሪ።

ለምን እንደምጨቀጭቅሽ ልንገርሽ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ባወጣው ጥናት፣ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር የሚገናኝ ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ፕሮግራም አገኘ። በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ ኩባንያ መሣሪያ ኢላማ መደረጋቸውን፣ በ2017 ደግሞ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን የፍላሽ ማሻሻያ መስሎ በሚመጣ የሳይበርቢት ሰላይ መታደናቸውን ጻፈ። የዊንዶውሱን ፊንስፓይ ሽፋን ኢሴትና ማይክሮሶፍት በ2018 ፈተው አሠራሩን አሳተሙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2020 ይፋ ያደረገው የማክ ፊንስፓይ ደግሞ በዚሁ በምታዪው ኦብፈስኬተር-ኤልኤልቪኤም የተሸፈነ ነበር። የታደኑት የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ምን እንደደረሰባቸው የነገረን ግን የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተቋም ነው። ከእኛም ማንበብ የሚችል እንዲኖር እፈልጋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ትችያለሽ።

ግን በጥንቃቄ። የምትፈቺው የራስሽን፣ ለልምምድ የተዘጋጀውን፣ ወይም ባለቤቱ በጽሑፍ የፈቀደልሽን ብቻ ይሁን። የኤምሬትስ የ2021 ቁጥር 34 የሳይበር ወንጀል ሕግ ያለ ፈቃድ ሲስተም ውስጥ መግባትን በእስር፣ በገንዘብ ወይም በሁለቱም ይቀጣል፤ በአገር ቤትም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። የአሠሪሽን አፕ በጉጉት ከፍተሽ የመኖሪያ ፈቃድሽን አደጋ ላይ እንዳትጥዪ። አደገኛ ናሙናም ከኔትወርክ በተቋረጠ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ብቻ ይከፈት፤ ለእማዬ የምትደውዪበት ላፕቶፕ ላይ በፍጹም።

ዛሬ ይሄን ትልቁን ተዪው። አሥር መስመር የሲ ፕሮግራም ራስሽ ጻፊ፣ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ በኦብፈስኬተሩ ኮምፓይል አድርጊና ጎን ለጎን ክፈቻቸው። መልሱን እያወቅሽ ስትፈቺ ደንቡ ይገባሻል። ከዚያ ወደዚህ ትመለሻለሽ። ያገኘሽውን ስትጽፊም በእንግሊዝኛ ብቻ አታስቀሪው፤ አማርኛውንም አብረሽ ጻፊ፤ የተመረዘ አባሪ ኢሜይሉ ውስጥ የገባበት ሰው የትኛውን ፋይል መክፈት እንደሌለበት በራሱ ቋንቋ ሊያነብ ይገባዋል።