«በዘፈቀደ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአንድ የኢንተርኔት ስታንዳርድ ላይ «ላኪው በዘፈቀደ ቁጥር ይምረጥ» የሚል ትእዛዝ ሰፍሯል እንበል። ግልጽ ይመስላል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ባለሙያ ግን ሥራ ሲጀምር ይቸገራል። የተፈለገው ቁጥሩ እንዳይደገም ነው? ከሚቻሉት ቁጥሮች እያንዳንዱ እኩል የመውጣት ዕድል እንዲኖረው ነው? ወይስ ሌላ ሰው አስቀድሞ እንዳይገምተው? ሦስቱ የተለያዩ ግዴታዎች ናቸው፤ አንዱን ማሟላት ሌላውን ማሟላት አይደለም።

በእቁብ ዕጣ እንየው። ዕጣ የወጣለት ሰው ወረቀት ተመልሶ ስለማይገባ ማንም ሁለት ጊዜ አይደርሰውም፤ ይህ አለመደገም ነው። ወረቀቶቹ በደንብ ከተደባለቁ ዕድሉ ለሁሉም እኩል ነው። ዕጣ አውጪው የአንዱን ወረቀት አስተጣጠፍ ካወቀ ግን ለሌሎች ድንገተኛ የሆነው ለእሱ የታወቀ ነው። ስለዚህ «የማይገመት» በተባለ ቁጥር «ለማን?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

አሁን ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት ዳታ ወደሚለዋወጡበት ስታንዳርድ፣ ወደ ቲሲፒ እንሂድ። ሁለት ኮምፒውተሮች ሲገናኙ እያንዳንዱ የሚልከውን ዳታ መቁጠር የሚጀምርበት መነሻ ቁጥር አለው። በ1981 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው አርኤፍሲ 793 የተባለ የኢንተርኔት ስታንዳርድ ሰነድ ይህ ቁጥር በየ4 ማይክሮ ሰከንዱ ገደማ በአንድ ከሚጨምር ሰዓት እንዲወሰድ ደነገገ። ሐሳቡ ከቀድሞ ግንኙነት ዘግይቶ የደረሰ ዳታ ከአዲሱ ጋር እንዳይቀላቀል ነበር። ለዚህ አለመደገም ይበቃል፤ ሰዓቱም ይበቃል። በ1985 ግን ሮበርት ሞሪስ፣ መነሻ ቁጥሩን መገመት የቻለ አጥቂ መልሱን ሳያይ እንኳ የታመነ ኮምፒውተር መስሎ ሊገባ እንደሚችል አሳየ። ቁጥሩ ማንም ያላሰበለት ሁለተኛ ግዴታ ተጭኖበት ነበር።

ስቲቨን ቤሎቪን በ1996 በአርኤፍሲ 1948 ያቀረበው መፍትሔ ሰዓቱን አልጣለም። ከሁለቱ ወገኖች አድራሻና ፖርት፣ እንዲሁም ከአንድ ምስጢር በሃሽ (ከውጤቱ ተነስቶ ግብዓቱን ማግኘት በማይቻልበት ስሌት) የሚሰላ ቁጥር ሰዓቱ ላይ እንዲደመር አደረገ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ፤ ከትምህርቱ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። መነሻ ቁጥሩ በወጣ ቁጥር የሚጣል ዕጣ የለም፤ ምስጢሩን ለያዘው ኮምፒውተር ተራ ስሌት ነው፤ ከውጭ ለሚመለከት ግን አይገመትም። ሰዓቱ አለመደገምን፣ ምስጢሩ አለመገመትን ይጠብቃል።

አለመገመት መጠን አለው፤ መለኪያውም ኢንትሮፒ ነው። በ1994 የወጣውን አርኤፍሲ 1750 የተካው የ2005ቱ አርኤፍሲ 4086 ለደኅንነት የሚያስፈልገውን ሲያስረዳ የአጥቂውን የመጀመሪያና ምርጥ ግምት ይመለከታል፤ ይኸውም ከሁሉ ይበልጥ የመውጣት ዕድል ያለው ቁጥር ዕድሉ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ቁጥሩ ለዓይን የተዘበራረቀ መምሰሉ ዋጋ የለውም። በዴቢያን ሊኑክስ ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የማመስጠሪያ ጥቅል ውስጥ በ2006 ገብቶ በ2008 ይፋ የሆነው ስህተት ለዚህ ምስክር ነው። ቁልፍ ለማመንጨት ይገባ የነበረው ግብዓት ተቆርጦ፣ ከሞላ ጎደል የሚለዋወጠው የፕሮሰሱ (በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም) መለያ ቁጥር ብቻ ቀረ፤ እሱም በተለመደው አሠራር ከ32,768 አይበልጥም። ቁልፉ 2,048 ቢት ርዝመት ይኑረው እንጂ ለአጥቂው የቀረው ጥርጣሬ 15 ቢት ያህል ነበር። ዝርዝሩን አስቀድሞ አዘጋጅቶ አንድ በአንድ መሞከር ይችል ነበር።

በተቃራኒው፣ አለመገመት ጨርሶ የማያስፈልግበት ቦታም አለ። በ2018 የወጣው የግንኙነት ማመስጠሪያ ስታንዳርድ ቲኤልኤስ 1.3 እያንዳንዱን መልእክት ሲያመሰጥር የሚጠቀምበትን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር በተራ ቆጣሪ ላይ ተመሥርቶ ያሰላል፤ በአንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ እንዳይመጣ ነውና ጭንቀቱ፣ ቆጣሪ ከዕጣ ይልቅ አስተማማኝ ነው። እዚያው ስታንዳርድ ውስጥ ግን ግንኙነቱ ሲከፈት የሚላከው 32 ባይት ከአስተማማኝ የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ እንዲመጣ ታዝዟል።

ስታንዳርድ የምትጽፉ እንግዲህ «በዘፈቀደ» ብላችሁ አትለፉ። «ቁጥሩ በዚህ ቁልፍ አይደገም» ወይም «ቀድሞ የወጡትን ሁሉ ያየ አጥቂ ቀጣዩን ለመገመት ያለው ዕድል በ2 ኃይል 128 ሙከራ ከአንድ አይበልጥ» ብላችሁ ጻፉ።