የማይታየው የከሰል መርዝና የማስጠንቀቂያው ደወል

በክረምት ወራት ብርዱ ሲበረታ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያትና በቦሌ ቡልቡላ ከሚኖሩት ቤተሰቦች አንዳንዶቹ መስኮቱን ዘግተው፣ ቡና የተፈላበትን የከሰል ማንደጃ ለሙቀት ሲሉ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባሉ። ፍሙ ቀልቶ ጢሱ ስለ ጠፋ ጉዳት የሌለበት ይመስላቸዋል፤ አደጋው ግን ከዚህ ላይ ነው።

የከሰል ፍም በተለይ አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በሳንባ በኩል ወደ ደም ሲገባ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኀይል በሄሞግሎቢን ላይ ስለሚጣበቅ፣ ልብና አንጎል ኦክስጅን ያጣሉ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ መሆኑን እናስብ፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ይከብዳል።

ዓይንና አፍንጫ የማያውቁትን ይህን መርዝ የሚያውቅ ደወል ዛሬ በአንዳንድ ቤቶች ተሰቅሎ ይገኛል። አልፎ አልፎ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅ ቢሰጥ ባትሪው መድከሙ ይሆናል፤ ደጋግሞ ቢጮህ ግን «ተበላሽቷል» ብሎ ባትሪውን ማውጣት ታላቅ ስሕተት ነው። የተኛውን ሁሉ ቀስቅሶ መውጣት፣ ከዚያም አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን በ939 መጥራት ይገባል። ወተት ማጠጣት መርዙን ከደም አያስወጣም፤ መድኀኒቱ በሐኪም የሚሰጠው ኦክስጅን ነው።

ቤቱ ተናፍሶ ደኅንነቱ በባለሙያ ከታወቀ በኋላ ምንጩን በሥርዓት እንፈልግ።

፩ኛ/ ደወሉ በጮኸ ሰዓት በቤቱ ምን ይነድ ነበር? ማንደጃው፣ የዕጣን ማጨሻው ወይስ የቡታጋዝ ምድጃው? በአመድ የተዳፈነ ፍም እንኳ ጋዙን ይሰጣል።

፪ኛ/ በቤቱ ምንም ካልነደደ ወደ ጎረቤትና ወደ ግቢ እንመልከት። መብራት ሲጠፋ በደረጃ ሥር ወይም በመስኮት አጠገብ የተነሣ ጄኔሬተር፣ በምድር ቤትም ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ መኪና መርዙን ወደ ፎቅ ሊልክ ይችላል።

፫ኛ/ ቤተሰቡን እንጠይቅ። ትኩሳት የሌለው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ሁሉንም በአንድነት ይዞ፣ ከቤት ሲወጡ የሚሻል፣ ሲመለሱ የሚያገረሽ ከሆነ፣ ጉንፋን ነው ብለን አንለፈው፤ የቤቱን አየር እንጠርጥር።

ደወል የሌላቸው ቤቶች ግን ብዙ ናቸው። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ ወላጆችም ለልጆቻቸው ይህን አጭር ቃል እንዲያስጠኑልን እናሳስባለን፦ ሰው በሚያድርበት ቤት ፍም አይደር።