ትንሹ ላፕቶፕ ለአጥቢያ ጽሕፈት ቤት ይበቃልን?

ከአጥቢያዎች ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል አንዱ መልኩን እየለወጠ ደጋግሞ ይመጣል። ጉባኤው ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር እንዲገዛ ወስኗል፤ የተያዘው በጀት ግን አነስተኛ ነው። በሱቁ መስኮት የሚታየው ትንሽ አዲስ ላፕቶፕ በዋጋው ይማርካል። ይገዛ ወይስ ይቅር? በዚህ ጽሑፍ መልሱን ከነምክንያቱ ለማሳየት እንሞክራለን። ዋጋን በብር አንጠቅስም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ጽሑፉ ታትሞ እስኪደርሳችሁ ሊያረጅ ይችላልና፤ የምንመዝነው የዕቃውን ጠባይ ነው።

በቅድሚያ ስለ የትኛው ዕቃ እንደምንናገር እንግባባ። ትንሹ ላፕቶፕ የምንለው ማያው 11.6 ኢንች ገደማ፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ብዙም የማይበልጥ፣ ሴሌሮን በሚባለው ወይም በተመሳሳይ አነስተኛ ፕሮሰሰር የሚሠራ፣ ራሙ 4 ጊጋ ባይት፣ ማከማቻውም 64 ወይም 128 ጊጋ ባይት የሆነውን ነው። ኤችፒ ስትሪም 11 በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ገበያ በ200 ዶላር ሲወጣ ራሙ 2፣ ማከማቻው 32 ጊጋ ባይት ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ ከዚያ ቢሻሉም የአሠራሩ ሥርዐት አልተለወጠም፤ ዋጋው የወረደው ከየክፍሉ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ ነው። ስለዚህ የገዢው ጥያቄ አንድ ነው፦ የተቀነሰው ነገር ለእኛ ሥራ ያስፈልገናል ወይስ አያስፈልገንም?

መልካም ጎኑን አስቀድመን እንናገር፤ ጥቂት አይደለምና። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ኮምፒዩተር ከነማያው 100 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ሲጠይቅ፣ ትንሹ ላፕቶፕ በጽሕፈት ሥራ ላይ 10 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ባትሪው 40 ዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ መብራት ቢጠፋ እንኳ አራት ሰዓት ያህል ያሠራል ማለት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዩፒኤስ መግዛትን ያስቀራል፣ በስብሰባ መካከል የተጀመረ ቃለ ጉባኤም ሳይቋረጥ ይፈጸማል። መስመር ባልደረሰበት ገጠርም ቢሆን በመጠነኛ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ይሞላል። ከእነዚህ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ማራገቢያ የላቸውም፤ አየር ስለማይስቡም አቧራ ወደ ውስጥ አያስገቡም። የአጥቢያ ጽሕፈት ቤት የጧፍና የዕጣን ጢስ እንደማይጠፋበት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ጸሐፊው በከረጢት ይዞት ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት ሊሄድም ይችላል።

ሥራውን በተመለከተ፣ ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ቃለ ጉባኤ ለመያዝና የአባላትን ስም ለመመዝገብ ይበቃል። ይህን የምንለው ሳንጠራጠር ነው።

ሚዛኑ መክበድ የሚጀምረው ሒሳብ ሹሙ ሲቀመጥበት ነው። 11.6 ኢንች ማያ ብዙ ዓምድ ያለውን የገቢና ወጪ መዝገብ በአንድ ጊዜ አያሳይም፤ ሒሳብ ሹሙ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲጎትት የአንዱን ረድፍ ቁጥር በሌላው ረድፍ የመጻፍ አደጋ ይኖራል። ፒችትሪን የመሰለ የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀም ትልቅ ደብር ከሆነ ደግሞ ራሙም ማያውም ያንሰዋል። ዊንዶውስ 11 በራሱ ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራምና 64 ጊጋ ባይት ማከማቻ ይጠይቃል። ትንሹ ላፕቶፕ ይህን ዝቅተኛ መሥፈርት ብቻ ነው የሚያሟላው፤ ጥቂት ፕሮግራሞች በአንድነት ሲከፈቱ መዘግየቱ አይቀርም። 64 ጊጋ ባይቱንም ዊንዶውስና ማሻሻያዎቹ በብዛት ስለሚይዙት ለፎቶግራፍና ለቪዲዮ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ማከማቻው የተሠራበት መንገድ ነው። በእነዚህ ላፕቶፖች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኢኤምኤምሲ የሚባለው ማከማቻ ሲሆን፣ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ የተቀመጠ ነው። ራሙም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንመልከት። አንድ አጥቢያ የአምስት ዓመት የክርስትና፣ የጋብቻና የአስተዋጽኦ መዝገቡን በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ አስቀምጧል እንበል። አንድ ቀን ውኃ ይፈስስበታል፤ ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍና ዝቅ ሲል ማዘርቦርዱ ይቃጠላል። ማከማቻው የሚነቀል ኤስኤስዲ ቢሆን ኖሮ ጠጋኙ በአራት ብሎን ከፍቶ፣ ነቅሎና በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ መዝገቡን በግማሽ ሰዓት ሊያወጣው ይችል ነበር፤ የተቆለፈበት ምስጢራዊ ቁልፍ ካልጠፋ በቀር። በማዘርቦርድ ላይ የተበየደ ማከማቻ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ ይሞታል ማለት ይቻላል፤ መረጃውን ለማውጣት ልዩ መሣሪያና ልዩ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ይህም በወረዳ ከተማ ሱቅ የሚገኝ አይደለም። ለጋብቻ ማስረጃ፣ ለውርስ ጉዳይ ወይም ለፓስፖርት ብሎ የክርስትና ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ምእመን ሲመጣ ጸሐፊው ምን ይመልስለታል?

ስለዚህ በተመሳሳይ ገንዘብ ምን ሌላ ዕቃ እንደሚገኝ ማየት ተገቢ ነው። በገበያው ላይ ከውጭ ድርጅቶች አገልግለው የወጡ፣ ለሥራ ተብለው የተሠሩ ላፕቶፖች አሉ። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲትዩድ 5490፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 የመሳሰሉት በ2018 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። ማያቸው 14 ኢንች ነው፤ ራማቸው ይነቀላል ይጨመራልም፤ ማከማቻቸው የሚነቀል ነው። ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ዊንዶውስ 11ን በይፋ ይቀበላሉ። ይህ ነጥብ ዛሬ ያስፈልጋል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷልና፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ በርካሽ ቢገኝ እንኳ እንዳትቸኩሉ እንመክራለን።

ያገለገለ ዕቃ የራሱ ፈተና አለው። ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ የላፕቶፕ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ከተሞላ በኋላ አቅሙ ይቀንሳል። ዊንዶውስ የባትሪ ዘገባ ማውጣት ስለሚችል፣ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን አቅም ጎን ለጎን እንዲያሳያችሁ ሻጩን ጠይቁት። ከግማሽ በታች ወርዶ ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ። ሲበራ የማናውቀው የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ወይም የቀድሞው ድርጅት ስም የሚወጣበት ከሆነ አትግዙት፤ በሩቅ የመቆለፍ ሥልጣን በሌላ እጅ ያለ ዕቃ ነው። የፊደል ገበታውን ቁልፎች አንድ በአንድ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹንም በፍላሽ እየሰካችሁ ፈትሹ። ይህን ሁሉ ሊፈትሽ የሚችል ሰው በጉባኤው ውስጥ ከሌለ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች መካከል የሚያውቅ አይጠፋም።

ፍርዳችን እንግዲህ ይህ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር የሌላት ወይም መብራት ብዙ የሚጠፋባት፣ ሥራዋ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ የሆነ የገጠር አጥቢያ፣ ትንሹን ላፕቶፕ ያለ ኀፍረት ትግዛ፤ ይጠቅማታል። በከተማ የምትገኝ፣ ሒሳብ ሹም ያላት፣ በየወሩ ዘገባ የምታቀርብ አጥቢያ ግን ያገለገለውን የሥራ ላፕቶፕ በጥንቃቄ ፈትሻ ብትገዛ ይሻላታል። ትንሹን ለመግዛት የወሰነ ጉባኤም ከ4 ጊጋ ባይት በታች ራም፣ ከ128 ጊጋ ባይት በታች ማከማቻ ያለውን ባይመርጥ መልካም ነው፤ ኤስኤስዲ ያለው ትንሽ ላፕቶፕ ከተገኘም ጥቂት ተጨምሮበት እርሱ ይመረጥ።

በውጭ የሚኖሩ ምእመናን በስጦታ ስለሚልኩት ዕቃ ጥቂት እንበል። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከአሜሪካ የመጣው በእኛ 220 ቮልት ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። ፕሪንተር ግን እንዲህ አይደለም። ከአሜሪካ የሚመጣ ሌዘር ፕሪንተር ለ110 ወይም ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ከጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍ ሳይነበብ ከሶኬት አይሰካ። ደግሞም ፕሪንተር፣ ቀለምና ወረቀት ያልታሰበበት የላፕቶፕ በጀት ግማሽ በጀት ነው።

የተገዛው ትንሹም ይሁን ትልቁ፣ በአማርኛ መዝገብ ለመያዝ አስቀድሞ መስማማት የሚገባን ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የዓለም መለያ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ ስለዚህ አዲስ የሚጻፈው ሁሉ በዩኒኮድ ይሁን። በዊንዶውስ ውስጥ የአማርኛ የፊደል ገበታ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ አቢሲኒካ የተባለውም ፎንት በነጻ የሚወርድ ነው።

ሞክሼ ፊደላት ግን ኮምፒዩተሩ የማይፈታልን ጉዳይ ናቸው። ለእኛ «ኃይለ ሥላሴ» እና «ሀይለ ስላሴ» አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሕፃኑ በአንዱ አጻጻፍ ተመዝግቦ ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላው ቢፈለግ «የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ጸሐፊዎች ቢለዋወጡም አጻጻፉ እንዳይለወጥ፣ ጉባኤው የተለመዱ የክርስትና ስሞችን አጻጻፍ በአንድ ገጽ ወስኖ ከጠረጴዛው አጠገብ ቢለጥፈው ብዙ ድካም ይቀራል። ቀንም እንዲሁ ነው፤ ኤክሴል የካቲት 30ን ወይም ጳጉሜን 3ን በቀንነት አያውቅም፤ አንዳንዱንም ቀን የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀይረዋል። የቀኑ ዓምድ አስቀድሞ «ጽሑፍ» ተብሎ ይሰየም፤ ዓመቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ በቅደም ተከተል 2018-02-04 እየተባለ ይጻፍ። በዚህ መልክ የተጻፈ በራሱ በቅደም ተከተል ይሰለፋል።

በመጨረሻ ስለ ጥበቃው። የወረቀቱ መዝገብ ላፕቶፕ ስለ ተገዛ አይቋረጥ፤ ማኅተምና ፊርማ ያለበት እርሱ ነው። በየወሩ መጨረሻ የኮምፒዩተሩ መዝገብ በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ይገልበጥ፤ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ ካዝና፣ ሁለተኛው ከቅጥሩ ውጭ፣ ቢቻል በወረዳ ቤተ ክህነት ይቀመጥ። ፍላሽ ከቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲመላለስ ቫይረስ ስለሚይዝ፣ ለመጠባበቂያ የተመደበው ለሌላ ሥራ አይዋል። የላፕቶፑ መለያ ቁጥር በንብረት መዝገብ ይግባ። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎና የአስተዳዳሪው፣ የጸሐፊውና የንብረት ክፍሉ ፊርማ አርፎበት በካዝናው ይቀመጥ፤ የጉባኤው የአገልግሎት ዘመን ሲያበቃና ጸሐፊው ሲቀየር ፖስታው በርክክቡ ሰነድ ላይ ከቁልፎቹና ከማኅተሙ ጋር አንድ ተራ ቁጥር ይሰጠው።