አለርጂ ስለሚባለው የሰውነት ቁጣና በቤት ውስጥ ስለሚደረግለት ጥንቃቄ

በናይሮቢ ከተማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦችና ለማኅበር ሹማምንት የተዘጋጀ ትምህርት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ አባቶቻችን ሲናገሩ ኖረዋል። ነገር ግን በሽታውን ሳይደብቅ ስሙን ብቻ የሳተ ሰውም እንደዚሁ መድኃኒቱን ሳያገኝ ሲደክም ይኖራል። በብዙ ቤት ይህ ስሕተት የሚታየው አለርጂ በሚባለው ሕመም ላይ ነው። ልጅ ሌሊት ሲያስል «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል፤ ፊቱ ሲያብጥ «ምች ነው» ይባላል፤ ዓይኑን ሲያሳክከው «ነፋስ ነው» ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል። መስኮቱ ሲዘጋ ግን ሕመሙ ይብስ እንደ ሆነ እንጂ አይሻልም፤ ምክንያቱም የሕመሙ መነሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በውጭ ሳይሆን በዚያው በተዘጋው መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ፣ በቤት ውስጥ ምን ሊደረግለት እንደሚገባና የቤት ጥንቃቄ አብቅቶ የሐኪም ሥራ የሚጀምረው ከየት እንደ ሆነ በተራ እንገልጻለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ አለርጂ ምን እንደ ሆነ

የሰው አካል ከውጭ የሚመጣበትን የበሽታ ዘር የሚከላከልበት ኃይል በተፈጥሮ አለው። ይህንንም ኃይል በከተማ በር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ አድርገን ልናስበው እንችላለን። በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ግን ዘበኛው ይሳሳታል፤ ይኸውም ለሌላው ሰው ምንም ጉዳት የሌለውን የሣር አበባ ብናኝ፣ የቤት አቧራ፣ ዕንቍላል ወይም ለውዝ እንደ ወንበዴ ቈጥሮ ይነሣበታል። በዚህ ጊዜ ሂስታሚንና እርሱን የመሰሉ ነገሮች በሰውነት ውስጥ ይለቀቃሉ፤ አፍንጫ ይፈስሳል፣ ዓይን ይቀላል፣ ቆዳ እየተነፋ ያሳክካል፣ የሳንባም ቧንቧዎች ይጠብባሉ። እንግዲህ ሰውየውን የሚጎዳው እንግዳው ነገር ራሱ ሳይሆን የገዛ ዘበኛው ቁጣ ነው።

«አለርጂ» የሚለውን ቃል በ1906 ከግሪክ ቋንቋ ያወጣው የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው። ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1902፣ ፈረንሳውያኑ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርትየ በውሾች ላይ ባደረጉት ምርመራ አንድ ትልቅ ነገር ተገልጾ ነበር። ከባሕር እንስሳ የተወሰደውን መርዝ በመጀመሪያ ተቀብሎ ያገገመ ውሻ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከፊተኛው እጅግ ያነሰ መጠን ቢሰጠው ወዲያው ትንፋሹ ተቈርጦ ሞተ። ሪሼ ለዚህ ሥራው በ1913 የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። ከዚህ የምንማረው፣ የመጀመሪያው መገናኘት ሰውነትን ለቁጣ እንደሚያዘጋጀውና ጉዳቱ የሚገለጠው በኋላ መሆኑን ነው። ስለዚህ «ይህን ምግብ አምና በልቶት ምንም አልሆነም» የሚለው ንግግር ለማንም ዋስትና ሊሆን አይችልም።

አለርጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ዝንባሌው ግን በዘር ይወርዳል። አባት ወይም እናት አስም፣ ችፌ ወይም የአፍንጫ አለርጂ ያላቸው እንደ ሆነ ልጆቻቸው ከሌሎች ልጆች ይልቅ ይህ ሕመም ሊያገኛቸው ይችላል።

2ኛ፤ አለርጂ መስሎ ስለሚያሳስት ነገር

በናይሮቢ ዝናብ ከጣለ በኋላ ማታ ማታ ወደ መብራት የምትመጣ፣ ርዝመቷ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ጥቁርና ቀይ መልክ የተፈራረቀባት አንዲት ተባይ አለች። ሰዎች «የናይሮቢ ዝንብ» ይሏታል፤ በውነቱ ግን ጥንዚዛ ናት። አትነክስም፣ አትናደፍምም፤ ነገር ግን በቆዳ ላይ ስትፈገፈግ ፔደሪን የተባለው መርዝ ከሰውነቷ ይወጣና በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቆዳው እንደ ተቃጠለ ሆኖ ውኃ ይቋጥራል። በ1998 ከታላቁ የኤል ኒኞ ዝናብ በኋላ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል።

ይህ አለርጂ አይደለም፤ የነካውን ሰው ሁሉ ያለ ልዩነት የሚያቃጥል መርዝ ነው። ስለዚህ ተባዪቱን በጥፊ መምታት አይገባም፤ እፍ ብሎ ወይም በወረቀት አንሥቶ መጣል፣ ቦታውንም ወዲያው በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በነካ እጅም ዓይንን አለማሸት ይገባል። ማታ መብራቱን ከመኝታ ማራቅና በአጎበር መተኛት ይጠቅማል።

3ኛ፤ ሕመሙ በከተማ ለምን እንደሚበዛ

በአገራችን በጅማ የተደረገውና በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት፣ አስም በከተማው ነዋሪዎች ዘንድ ከአካባቢው ገጠር ይልቅ በዝቶ እንደሚገኝ አስረድቷል። በኬንያም በ1998 የታተመ ሌላ ጥናት የናይሮቢን ተማሪዎች ከሙራንጋ ገጠር ተማሪዎች ጋር አስተያይቶ፣ ሲሮጡ የሳንባቸው ቧንቧ የሚጠብባቸው ልጆች በናይሮቢ የበዙ ሆነው አግኝቷቸዋል። እንግዲህ አያቶቻችን ያላወቁት ሕመም በልጅ ልጆቻቸው ላይ ቢታይ ሊያስደንቀን አይገባም፤ የኑሮው ቦታ ተለውጧልና።

ከሁሉ ይልቅ ለቤት አባወራና ለእመቤት የሚጠቅመው ግን በ1995 የታተመው የናይሮቢ ጥናት ነው። አስም ያለባቸውን ተማሪዎች ቤት ከሌሎች ተማሪዎች ቤት ጋር በማስተያየት፣ ከአስም ጋር ተያይዘው የተገኙ ሦስት ነገሮችን አመልክቷል። እነርሱም ልጁ የሚተኛበት ክፍል በእርጥበት መበላሸቱ፣ በዚያው ክፍል ምንጣፍ መኖሩና የቤቱ አየር በጢስ መቈሸሹ ናቸው። ሦስቱም በሰው እጅ ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው።

4ኛ፤ በቤት ውስጥ መደረግ የሚገባው

ሀ) ስለ መኝታ። በፍራሽ፣ በትራስና በምንጣፍ ውስጥ በዓይን የማይታይ የአቧራ ቅንቅን ይኖራል። ምግቡ ከሰው ገላ የሚረግፈው ቅርፊት ነው፤ እርጥበትም ይስማማዋል። አለርጂ የሚያስነሣው በተለይ ኵሱ ነው። ስለዚህ አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ብርድ ልብስና ፍራሽ በጠራ ፀሐይ ይሰጣ። ምንጣፍ ከሕመምተኛው ክፍል ይውጣ። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ ከሚጠረግ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ከመሬት አንሥቶ ወደ ሳንባ ይመልሰዋልና። ሕመምተኛውም በሚጸዳበት ሰዓት ከክፍሉ ይውጣ።

ለ) ስለ እርጥበት። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ወራት ብርድና ደመና ይበዛባታል። በዚያን ጊዜ እርጥብ ልብስ በመኝታ ቤት ይሰጣል፣ መስኮትም ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል፤ በግድግዳውም ሻጋታ ይበቅላል። ፀሐይ በወጣች ሰዓት መስኮቱ ይከፈት፤ የሚያፈስ ጣራና ቧንቧ ይጠገን፤ አልጋውም ከእርጥብ ግድግዳ ይራቅ። ሻጋታውን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ማድረቅ ይገባል፤ የውኃው መግቢያ ሳይደፈን ቀለም ብቻ ቢቀባበት ግን ተመልሶ ይወጣል።

ሐ) ስለ ጢስ። ጂኮ የሚባለው የከሰል ምድጃ፣ የላምባ መብራት፣ የትንባሆና የትንኝ ማባረሪያ ጢስ የታመመን ሳንባ ይቈጣሉ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ደግሞ ሽታ በሌለው መርዝ ቤተ ሰብን ሁሉ ሊገድል ስለሚችል፣ አለርጂ ላለበትም ለሌለበትም የተከለከለ ነው። የእኛም ልማድ እዚህ ላይ ይጠየቃል። ቡና ሲቈላ፣ ዕጣን ሲጤስ፣ በርበሬ ሲታመስ አስም ያለበት ልጅ በዚያ ክፍል ሊቀመጥ አይገባም። ልማዱ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ በደጅ ወይም በሰገነት፣ መስኮትና በር ተከፍቶ ይደረግ ማለታችን ነው።

መ) ስለ በረሮ። በረሮ በብዛት በሚገኝባቸው የኪራይ ሕንጻዎች ኵሱና ቅርፊቱ አስምን ያስነሣል። ምግብ ይከደን፤ ፍርፋሪና የሚንጠባጠብ ውኃ አይደር፤ ስንጥቅ ይደፈን። መርዝ መርጨት አስፈላጊ ቢሆን ሕመምተኛው ሳይኖር ይረጭና ክፍሉ ነፋስ ሳያገኘው አይተኛበት።

ሠ) ስለ አበባ። የጃካራንዳ ዛፍ ሐምራዊ አበባ ከተማውን ሲያለብስ ብዙዎች በእርሱ ያማርራሉ። ይሁን እንጂ አበባው ደማቅ የሆነ ተክል አብዛኛውን ጊዜ ብናኙን የሚልከው በንብ እንጂ በነፋስ አይደለም። ዘወትር ወደ አፍንጫ የሚገባው መልክ የሌለው የሣር አበባ ብናኝ ነው። ሣር በሚታጨድበት ሰዓት ከቦታው መራቅ፣ ከውጭ ሲገቡም ፊትንና ፀጕርን መታጠብ ይገባል።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢደረግ ፈውስ ይገኛል ብለን ተስፋ አንሰጥም፤ አንድ ላይ ሲደረጉ ግን ሸክሙን ያቀልላሉ። የትኛው ነገር እንደሚቈጣው ለማወቅ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተበላውን ምግብና የተደረሰበትን ቦታ በደብተር መጻፍ እጅግ ይረዳል፤ ሐኪሙም ይህን ደብተር ያመሰግናል።

5ኛ፤ ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት

ላም ወተት፣ ዕንቍላል፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ዓሣና ስንዴ ከታወቁት የአለርጂ ምግቦች ውስጥ ናቸው። በጾም ወራት በቤታችን የለውዝና የሰሊጥ ምግብ ስለሚበዛ፣ እነዚህ የማይስማሙት ሰው ያለበት ቤት ድስቱንና ማንኪያውን ይለይ፤ ጎረቤትም ለልጁ ምግብ ከማጕረሱ በፊት ይጠይቅ። «ጥቂት ብትቀምስ ምን ትሆናለህ?» ማለት ፍቅር ቢመስልም ሕይወት ያስጠፋል። በሌላ በኩል ያለ ሐኪም ምክር ከሕፃን ምግብ ብዙ ዓይነት መከልከል ልጁን ያከሳል። በ1 ዓመት ዕድሜው ውስጥ ለውዝ በለሰለሰ መልክ የቀመሰ ሕፃን በኋላ የለውዝ አለርጂ እንደሚቀንስለት በለንደን የተደረገና በ2015 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ጽኑ ችፌ ወይም የዕንቍላል አለርጂ ያለው ሕፃን ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት የተቈጣው ሰው ስሙን በወረቀት ጽፎ ዘወትር በኪሱ ይያዝ፤ ለሐኪሙም ሆነ ለመድኃኒት ሻጩ ያሳይ።

6ኛ፤ ስለሚታዘዝ መድኃኒት

ለማስነጠስና ለማሳከክ እንደ ሴቲሪዚን ያሉ ፀረ ሂስታሚን ክኒኖች ይረዳሉ። ፊት የሚያነጡ ተብለው በገበያ የሚሸጡ ቅባቶች ግን ብርቱ ስቴሮይድ ሊኖርባቸው ስለሚችል ለችፌ አይቀቡ።

ስለ አስም ሁለት ነገር ይታወቅ። አንደኛ፣ በአፍ የሚሳበው መድኃኒት ሱስ አያስይዝም። ሁለተኛ፣ ለጊዜው ትንፋሽ የሚከፍተው ሳልቡታሞል ብቻውን አይበቃም፤ በሽታውን ከሥሩ የሚያበርደው በየቀኑ የሚሳበው የስቴሮይድ መድኃኒት ስለ ሆነ፣ «ተሽሎኛል» ተብሎ ሳይጠየቅ አይተውም። ትንሽ ልጅ በቀጥታ መሳብ ስለማይችል መካከለኛ ዕቃ ያስፈልገዋል። የሚገዛበት ገንዘብ ለሌለው፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ ተበስቶ የመድኃኒቱ አፍ በጥብቅ ሲገጠምበት መልካም አገልግሎት እንደሚሰጥ በ1999 በኬፕ ታውን ተመርምሮ ታውቋል። አሠራሩን የጤና ጣቢያ ነርስ ታሳያለች።

7ኛ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ምልክት

በአስም፦ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር አለመቻል፣ የጎድን ሥጋ ወደ ውስጥ መሳብ፣ የከንፈርና የምላስ መጠቈር ወይም መሰማየት፣ የተሳበው መድኃኒት አለማሻል።

ከምግብ፣ ከንብ መንደፍ ወይም ከመድኃኒት በኋላ፦ የከንፈርና የጕሮሮ ማበጥ፣ የድምፅ መዘጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማስታወክና ራስን መሳት። ይህ ሲሆን ሕመምተኛው በጀርባው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጥ፤ ተነሥቶ እንዲሄድ ግን አይደረግ። አድሬናሊን የታዘዘለት ከሆነ በጭኑ ውጫዊ ጎን ወዲያው ይወጋ። ክኒንና ሽሮፕ ለዚህ አይበቁም። በናይሮቢ በ999 ወይም በ112 ስልክ ይደወል፤ ወይም በተገኘው ተሽከርካሪ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ይወሰድ። ቢሻለውም እንኳ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሐኪም ሳይፈቅድ ወደ ቤት አይመለስ።

8ኛ፤ የሹማምንትና የማኅበር አለቆች ተግባር

አንድ ቤተ ሰብ ፍራሹን ቢያጸዳ፣ ጣራው ግን ቢያፈስ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በኢስሊም ሆነ በሌላው ሰፈር ያሉ የማኅበርና የዕድር አለቆች ተከራዮችን አስተባብረው ባለ ሕንጻው ቧንቧና ጣራ እንዲያስጠግን ይጠይቁ፤ ቆሻሻ በሰፈር መካከል እንዳይቃጠል ለከተማው አስተዳደር ያመልክቱ፤ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ስምና መድኃኒት በትምህርት ቤታቸው መመዝገቡን ያረጋግጡ። ለሕሙማን ከሚዋጣውም ገንዘብ ጥቂቱ ለአስም መድኃኒት መግዣ ቢመደብ፣ በኋላ ለቀብር ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው።

አለርጂ ብዙ ጊዜ ፈጽሞ የሚነቀል ሕመም አይደለም፤ ነገር ግን ጠባዩ ከታወቀ የሚገዛ ሕመም ነው። ያለበት ልጅ እንደ እኩዮቹ ሊሮጥ፣ ሊማርና ሊሠራ ይችላል። እንግዲህ ይህን ያነበበ ሁሉ ዛሬ ማታ ልጆቹ ወደሚተኙበት ክፍል ገብቶ ግድግዳውን በእጁ ይዳስስ፤ ፍራሹን ያንሣ፤ ጂኮው የት እንደሚያድር ይመልከት። ያየውንም ነገ ሳይል ማስተካከል ይጀምር።