አቀንጭራና የዝናብ እጥረት በማሽላ ማሳ ላይ፦ ከብዙ አገሮች ምርምር ለባቲ አካባቢ የተገኘ ትምህርት

በባቲና በአካባቢው ቀበሌዎች የገበሬው ዋና ሰብል ማሽላ ነው። ማሽላ ከብዙዎቹ የአገዳና የብርዕ ሰብሎች ይልቅ ድርቅን የሚችል መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ዝናቡ ዘግይቶ ሲጀምርና ቀድሞ ሲያቆም፣ በዚያም ላይ መሬቱ በአቀንጭራ የተበከለ ሲሆን፣ ማሽላም ቢሆን እሸት ሳይዝ ባዶ አገዳ ሆኖ ይቀራል። ገበሬው ብዙ ጊዜ ሁለቱን ችግሮች ለያይቶ አያያቸውም፤ «ዘንድሮ ዝናቡ ነው የጎዳን» ይላል። የልማት ሠራተኛው ግን የትኛው ጉዳት ከዝናብ፣ የትኛው ከአቀንጭራ እንደመጣ ለይቶ ማወቅ አለበት። መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና።

ይህ ጽሑፍ ስለ አቀንጭራ ጠባይ፣ ስለ ተካሄደበት ምርምርና በማሳ ላይ ስለሚሠራው ሥራ ያስረዳል። ምርምሩ የአንድ አገር ብቻ ሥራ አይደለም። የሱዳን ዘር፣ የአሜሪካ ቤተ ሙከራ፣ የጃፓን ኬሚስቶችና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ስለሆነ፣ ሳይንስ በትብብር ሲሠራ ለአንድ የባቲ ገበሬ ምን እንደሚያደርስለት ለማሳየትም ይረዳል።

የዝናቡ ሁኔታ

የባቲ ከተማ በ1500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ሜዳ በሚወርደው መንገድ ዳር ትገኛለች። በቀድሞው ልማድ ገበሬው የበልጉን እርጥበት ተጠቅሞ ረጅም ጊዜ የሚፈጀውን ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል፤ ሰብሉም ክረምቱን አልፎ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። ይህ ማሽላ አገዳው ረጅም፣ ምርቱም ጥሩ ነው። በልጉ ሲቀር ግን ገበሬው እስከ ሐምሌ ጠብቆ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ፣ ጤፍ ወይም ማሾ ለመዝራት ይገደዳል። ክረምቱም በነሐሴ መጨረሻ ካቋረጠ ማሽላው በሚያብብበት ጊዜ ውሃ ያጣል።

የአካባቢው ሽማግሌዎች የ1977 ዓ.ም. ድርቅን አይረሱትም። ባቲ በዚያን ጊዜ እንደ ቆረም ሁሉ የተራበ ሕዝብ የተጠለለባት ስፍራ ነበረች። በ2007 ዓ.ም. ክረምትም ኤል ኒኞ በተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ምክንያት ዝናቡ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ክፉኛ ተዛባ። በቀጣዩ ዓመት በመላ አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ የሚያስፈልገው መሆኑ ተገልጾ ነበር። የከባቢ አየር ሙቀት እየጨመረ መሄዱ በዓለም ሳይንቲስቶች የተረጋገጠ ጉዳይ ነው። ሙቀት ሲጨምር ከአፈርና ከቅጠል የሚተነው ውሃ ስለሚበዛ፣ የዘነበው መጠን ባይቀንስ እንኳ ለሰብሉ የሚተርፈው ያንሳል። ስለዚህ የዘነበውን ውሃ በማሳው ላይ ማቆየት ከምንጊዜውም ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

የአቀንጭራ ጠባይ

አቀንጭራ ሐምራዊ አበባ ያለው ጥገኛ አረም ነው። ማሽላን፣ በቆሎንና ዳጉሳን ያጠቃል፤ ጤፍንም አይምርም። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከ100 ሺህ በላይ ዘር ይጥላል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል፤ በአፈር ውስጥም ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

የዚህ አረም ዋና ተንኮሉ በቃዩ ላይ ነው። ዘሩ እርጥብና ሞቃት አፈር ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ለመብቀል ይዘጋጃል፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቅልም። የሚበቅለው የማሽላው ሥር የሚያወጣው አንድ ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ ነው። ዘሩ ከሥሩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ካልተገኘ ቡቃያው የሚጠባው አጥቶ ይሞታል። ከደረሰ ግን በሥሩ ላይ ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ይስባል። ከመሬት በላይ ከመታየቱ በፊት ለሳምንታት ከመሬት በታች ይኖራል። ገበሬው አበባውን ባየ ጊዜ የማሽላው ጉዳት አብዛኛው አልፏል ማለት ነው። ብዙ ገበሬዎች «ነቅለን ነቅለን ምንም አልጠቀመንም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ አባባላቸውም ስለዚያ ዓመት ምርት ከሆነ እውነት አለበት። መንቀሉ የሚጠቅመው ለመጪዎቹ ዓመታት ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ማሽላ በምግብ በተጎሳቆለ መሬት ላይ፣ በተለይም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ሲጎድለው፣ ይህን ኬሚካል አብዝቶ ያወጣል። ስለዚህ አቀንጭራ የደከመ መሬት ጓደኛ ነው።

ምርምሩ በየአገሩ እንዴት እንደተካሄደ

የአቀንጭራን ዘር የሚያበቅለው ኬሚካል በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ነው፤ ያን ጊዜ የተገኘው ከጥጥ ሥር ነበር። ጥጥ ግን ለአቀንጭራ አይመቸውም፤ ዘሩን አብቅሎ ያለ ምግብ ይገድለዋል። ጥጥን፣ ሰሊጥንና አደንጓሬ መሰል ጥራጥሬዎችን ከማሽላ ጋር ማፈራረቅ የሚመከረው ከዚህ የተነሣ ነው።

በማሽላው በኩል የተደረገው ትልቁ ሥራ ከአገራችን ልጅ ከፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ገቢሳ በወሎንኮሚ ተወልደው፣ በጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና በአለማያ ኮሌጅ ተምረው፣ ከዚያም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኢክሪሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት ወደ ሱዳን ልኳቸው ድርቅ የሚችል ድቅል ማሽላ አወጡ። ወደ ፐርዱ ከተመለሱ በኋላ ላሪ በትለር ከተባሉት የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ጋር ሆነው የአቀንጭራን ጉዳይ ያዙ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ማሽላው አቀንጭራን የሚጠራው በሥሩ ኬሚካል ከሆነ፣ የማይጠራ ማሽላ የለም ወይ? የማሽላ ዘር በብርጭቆ ሳህን ላይ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ድድር ውስጥ ከአቀንጭራ ዘር ጋር አብቅለው እስከ ምን ርቀት እንደሚጠራው በመለካት፣ በማሳ ላይ ዓመታት የሚፈጀውን መረጣ በቀናት እንዲሠራ አደረጉ። ኤስ አር ኤን 39 የተባለው ማሽላ በጣም ጥቂት ብቻ እንደሚጠራ ታወቀ። ከዚህና ከሌሎች የተዳቀሉት ዘሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለበርካታ የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈሉ። ከእነሱም ውስጥ ጎብዬና አብሽር የተባሉት በኢትዮጵያ ተፈትነው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለገበሬ ተለቀቁ። ለወሎ ሁኔታ ደግሞ በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ብርሃን የተባለው ዝርያ ወጣ። ገቢሳ ስለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ሳይንሱ በዚህ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ይኸው ኬሚካል ለአቀንጭራ ተብሎ የሚወጣ ሳይሆን፣ ፎስፎረስ የሚያቀርቡለትን ጠቃሚ የአፈር ፈንገሶች ለመጥራት ተክሉ የሚልከው መልእክት መሆኑን አሳዩ። አቀንጭራ ጥሪውን ሰምቶ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የፐርዱ ተመራማሪዎች የማይጠራውን ጠባይ የሚወስነውን የዘር ቅንጣት ለዩ። የሚቋቋመው ማሽላ ጥሪውን ፈጽሞ አያቋርጥም፤ የጥሪውን ዓይነት ይለውጣል፣ አቀንጭራም በደንብ አይሰማውም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ልብ ይበል፦ እነዚህ ዝርያዎች የሚቋቋሙ እንጂ ፈጽሞ የማይጠቁ አይደሉም። በከፋ የተበከለ መሬት ላይ ጥቂት አቀንጭራ መውጣቱ አይቀርም። «አንድም አይወጣም» ብሎ ለገበሬ ቃል የገባ ባለሙያ በሁለተኛው ዓመት ሰሚ ያጣል።

የአገራችን ዘርና የሌላው ዓለም ድርሻ

ትብብር ሲባል እኛ ሁልጊዜ ተቀባይ የሆንን የሚመስለው ሰው አለ። ይህ ስሕተት ነው። ኢትዮጵያ የማሽላ መገኛ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። ከገበሬዎቻችን ማሳ ከተሰበሰበ አንድ የማሽላ ዘር በቴክሳስ ተሻሽሎ ቢ 35 የተባለው ዝርያ ወጥቷል። ይህ ዝርያ እሸቱ ሲሞላ ድርቅ ቢመጣ እንኳ ቅጠሉ ሳይደርቅ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ዛሬ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በህንድ ያሉ አዳቃዮች ድርቅ የሚችል ማሽላ ሲያወጡ የሚጠቀሙበት ዋና ምንጭ ሆኗል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እህል በላው። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ የሰበሰባቸው የአገር ዘሮች በኋላ ለገበሬዎች እንዲመለሱ ተደርጓል፤ ባንኩን ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። ስለዚህ አዲስ ዝርያ ስናስፋፋ የአካባቢውን ዘር ማጥፋት ተገቢ አይደለም። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ከየዓይነቱ ጥቂት ዘር ነጥሎ በደረቅ ጎታ ማስቀመጥ ይችላል።

ለአፈሩም ቢሆን ጎረቤት የሆነ ትምህርት አለ። ከደሴ በስተደቡብ በማይባር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የእርሻ ሚኒስቴርና የስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ አንድ ተፋሰስ ይዘው፣ የዘነበውን፣ የፈሰሰውንና የታጠበውን አፈር ለዓመታት ለክተዋል። ካስተማሩን ዋናው ነገር፣ የዓመቱ አፈር አብዛኛው የሚታጠበው መሬቱ ታርሶ ገና ቡቃያ ባልሸፈነው ጊዜ በሚጥሉ ጥቂት ኃይለኛ ዝናቦች መሆኑ ነው።

በማሳ ላይ የሚሠራ ሥራ

ከሁሉ አስቀድሞ ማሳው በምን ያህል እንደተበከለ ገበሬውን መጠየቅ ይገባል። አቀንጭራ በየዓመቱ የሚታይበት ማሳ ከሆነ የሚቋቋም ዝርያ ብቻውን፣ ማዳበሪያ ብቻውን፣ ውሃ ማቆር ብቻውን አይበቃም። በአማራና በትግራይ የተደረጉት ማሳያዎች ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ውጤቱ የተሻለ እንደሆነ አሳይተዋል።

ውሃ ለማቆየት ማሽላው በመስመር ተዘርቶ በመስመሮቹ መካከል ቦይ ይወጣል፤ ቦዩም በየጥቂት ሜትሩ በአፈር ይገደባል። እንዲህ ሲሆን ውሃው ወደ ቁልቁል ሳይሸሽ እዚያው ይሰርጋል። ቦዩን ለብቻው ለማውጣት ጉልበት ያጠረው ገበሬ በሽልሻሎ ጊዜ፣ በሬው የከፈተውን ትልም በዶማ እየገደበ ቢሄድ ሥራው ይቀልለታል። ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ግን ይህ አይመከርም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ዩሪያ የሚጨመረው በዚሁ በሽልሻሎ ጊዜ፣ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ነው። በደረቅ መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ የባከነ ገንዘብ ነው።

ፍግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አቀንጭራ ያለበትን ገለባ የበላ ከብት ዘሩን በእበቱ ይዞ ወደ ሌላ ማሳ ያደርሰዋል። ስለዚህ ፍጉ በጉድጓድ ተከምሮ፣ ግሎ፣ በደንብ ከበሰበሰ በኋላ ይበተን።

አቀንጭራው ሳያብብ መነቀል አለበት። ካበበ በኋላ ከተነቀለ ተሰብስቦ ደርቆ ይቃጠል እንጂ በማሳው ድንበር ላይ አይጣል። በማሾ የተዘራ ማሳ አቀንጭራ የሚመገብበት ስለማይሆን አንድ ዓመት ያርፋል፤ ማሾ በባቲም በከሚሴም ገበያ ስላለው ገበሬውን ለማሳመን አያስቸግርም። በናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ዴስሞዲየም የተባለውን የመኖ ተክል በሰብሉ መካከል በመዝራት አቀንጭራን የማፈን ዘዴ አስፋፍቷል። ዘዴው መልካም ነው፤ ዴስሞዲየም ግን ከዓመት ዓመት በማሳው ላይ መቆየት ስላለበት፣ ከአጨዳ በኋላ ከብት በልቅ በሚሰማራበት አካባቢ ቀበሌው አስቀድሞ ካልተስማማ አይጸናም።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድርሻ

ከገበሬው የሚሰማው ተቃውሞ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ተገቢ ነው። አንደኛው አገዳ ነው። ጎብዬና አብሽር አጭር ናቸው፤ ገበሬው ደግሞ አገዳውን ለከብቱና ለግመሉ መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይፈልገዋል። ስለዚህ የተበከለውን ማሳ ለሚቋቋመው ዝርያ፣ ንጹሑን ለረጅሙ ማሽላ እንዲመድብ ማማከር ይሻላል። ሁለተኛው ወፍ ነው። ቶሎ የሚደርስ ማሽላ በአንድ ማሳ ብቻ ከተዘራ የአካባቢው ወፍ ሁሉ እዚያ ይሰፍራል። ማኅበሩ ተጎራባች ገበሬዎች በአንድ ሳምንት እንዲዘሩ ካስተባበረ ጥበቃውም ጉዳቱም ይከፋፈላል። ቶሎ መድረስ ማለት አቀንጭራን መቋቋም ማለት እንዳልሆነም ይገለጽ፤ መልካምን የመሰለ ለዝናብ አጠር አካባቢ የወጣ ዝርያ የሚመረጠው ለድርቁ ነው።

የዘር ግዢ ሌላው አሳሳቢ ጉዳይ ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ ከአፋር፣ ከኦሮሞና ከአማራ ቀበሌዎች እህል የሚመጣበት ትልቅ ገበያ ነው። ከገበያ የተገዛ የምግብ ማሽላ ለዘር ሲውል የአቀንጭራ ዘር አብሮ ሊገባ ይችላል። ማኅበሩ ለአባላቱ የሚያባዛውን ዘር ንጹሕ በሆነ ማሳ፣ ከሌላ ማሽላ ራቅ አድርጎ ማባዛት አለበት። እሸቱ ከማሳው ላይ እንዳለ ተመርጦ ይቆረጥ፤ በመሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በቆዳ ላይ ይወቃ። ዘሩም የተወሰደበት ማሳ፣ የዝርያው ስምና ዓመቱ በወረቀት ተጽፎ በከረጢቱ ውስጥ ይቀመጥ። በማሳው ላይ የታየው አቀንጭራ ተቆጥሮ፣ ዝናቡ የጀመረበትና ያቆመበት ቀን ከዚሁ ጋር ተመዝግቦ በየዓመቱ ለምርምር ማዕከሉ ይላክ፤ የሚቀጥለው ዝርያ ለባቲ የሚመረጠው ከዚህ መዝገብ ነው።