ቤት ገዢው አበዳሪ መሆኑን ያውቃልን?

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ከበዛባት ወዲህ ቤት ፈላጊውም በዚያው ልክ ጨምሯል። በመሆኑም በአዲስ አበባ የሆነውን መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

አክሰስ ሪል እስቴት ከ2,000 በላይ ከሆኑ ቤት ገዢዎች 1.4 ቢሊዮን ብር ገደማ ሰብስቦ ነበር። ቤቶቹ ግን በውሉ ጊዜ አልደረሱም። መሥራቹ አቶ ኤርሚያስ አመልጋ በ2005 ዓ.ም. ከአገር ወጥተው በ2006 ዓ.ም. ተመለሱ፤ ገዢዎቹም ለዓመታት ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ተንከራተቱ። ጥፋተኛውን መለየት የፍርድ ቤት ሥራ ነው። እኛን የሚመለከተን ውሉ ነው።

ለመሆኑ ያልተሠራ ቤት ዋጋ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ምንድን ነው? ገዢ ይባላል እንጂ እውነቱ አበዳሪ ነው። ያውም መያዣ የሌለው አበዳሪ! ባንክ ለዚያው ኩባንያ ሲያበድር የሊዝ ይዞታውን በመያዣነት ያስመዘግባል፤ ዕዳው ካልተከፈለው በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ይሸጠዋል። ገዢው በእጁ ያለው ደረሰኝ ነው።

እርግጥ ባንክም ይሞኛል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በጋምቤላ በዝናብ ለሚለማ እርሻ ካበደረ በኋላ የአንዱ ባለሀብት መሬት በሌላው ላይ ተደርቦ ተገኝቷል። በ2011 ዓ.ም. ገደማ ካበደረው 40 በመቶ ያህሉ የተበላሸ ብድር ሆነ። ባንኩን ግን መንግሥት ካፒታል ጨምሮ ደገፈው። ቤት ገዢውን ማን ይደግፈዋል?

ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረርና ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ ቅፍለት የሚራገፍባት ገበያ ነበረች። አሞሌው በዓይን ታይቶ፣ ማርትሬዛው ተቆጥሮ ነበር የሚሸጠው። ዛሬ የሚሸጠው የሕንፃ ሥዕል ነው።

በሸሪዓ ያልተሠራን ነገር አሠርቶ መግዛት አይከለከልም፤ ኢስቲስናዕ ይባላል። ነገር ግን የሚሠራው ዓይነቱ፣ ልኩና ዋጋው ተለይቶ መታወቅ አለበት። ዕዳ በጽሑፍ እንዲሰፍር የሚያዘው የአል-በቀራህ 282ኛ አንቀጽም ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይደነግጋል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ካርታው በማን ስም እንደሆነና በባንክ ዕዳ መያዝ አለመያዙን ከሚመለከተው የመሬት መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ክፍያውም ከግንባታው ጋር ይሂድ፤ መሠረቱ ሲወጣ ይህን ያህል፣ ጣሪያው ሲመታ ይህን ያህል ተብሎ በውሉ ይጻፍ። ሻጩ ዋጋው ነገ ይጨምራል ብሎ ካጣደፋችሁ፣ ካርታውን የምናይበት አንድ ቀን ስጠን በሉት።