ለሙዚቃ ሠሪውና ለዲጄው፤ ገንዘቡ በየት በኩል ይገባል?

በዚህ ዓምድ ስለ ታክሲና ስለ ምግብ ቤት ብዙ ብለናል። ዛሬ ግን በቴንስታ ወይም በሪንከቢ በመኝታ ክፍሉ የራፕ ቢት ስለሚሠራው፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ በክበብ ዘፈን ስለሚያጫውተው ልጅዎ እናውራ። «ይህም ሥራ ነው?» ይሉ ይሆናል። የግብር መሥሪያ ቤቱ መልስ አጭር ነው፤ ለትርፍ ተብሎ በራስና ሳይቋረጥ የሚሠራ ከሆነ ሥራ ነው።

ዶክተር አልባንን ያስታውሱ። ናይጄሪያዊው አልባን ንዋፓ ወደ ስዊድን የመጣው የጥርስ ሕክምና ሊማር ነበር። ለትምህርቱ ገንዘብ እንዲሆነው እዚሁ ስቶክሆልም አልፋቤት ስትሪት በተባለ ክበብ ዲጄ ሆነ። ተመርቆ የጥርስ ሕክምና ክፍል ከከፈተ በኋላም ማጫወቱን አልተወም። ከዴኒዝ ፖፕ ጋር ተገናኝቶ በ1990 «ሄሎ አፍሪካ»ን፣ በ1992 «ኢትስ ማይ ላይፍ»ን አወጣ፤ ኋላም የራሱን የሙዚቃ ማሳተሚያ አቋቋመ። ከቡትሽርካ የተነሡት ላቲን ኪንግስ ደግሞ በ1994 ባወጡት አልበም የስደተኛ ሰፈር ልጅ በራሱ ስዊድንኛ ራፕ ማድረግ እንደሚችል አሳዩ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ልጅዎ አንድ ቢት ለራፐር በ3,000 ክሮነር ሸጠ እንበል። ብዙዎቹ ጉዳዩ እዚያ ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ዘፈኑ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ለደራሲዎቹ የሚሰበሰብ ሌላ ገንዘብ አለ። ይህን ለዜማና ለግጥም ደራሲዎች የሚሰበስበው በ1923 የተቋቋመው ስቲም ነው፤ በቀረጻው ላይ ለተጫወቱትና ለዘፈኑት ደግሞ ሳሚ ይሰበስባል። ሁለቱም ያልተመዘገበን ሰው ፈልገው ቤቱ አይመጡም። ድርሻው ስንት በመቶ እንደሆነ ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ። ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ የሚደረግ ክርክር ወዳጅነትንም ይበላል።

ከአሮጌ ሸክላ ቆርጦ መውሰድም ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከዜማው ባለቤትም፣ ከቀረጻው ባለቤትም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2019 በሰጠው ውሳኔ፣ በጣም አጭር ቁራጭ እንኳ ለጆሮ የሚታወቅ ሆኖ ከተወሰደ ባለቀረጻው ሊከለክል ይችላል። የአዲስ አበባ ዘፈን ማን ያውቀዋል አይበሉ። የሙላቱ አስታጥቄን «የገሌ ትዝታ» ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ሲጠቀሙበት ዓለም ሰምቶታል።

ክበቦች ኤፍ-ስካት ያለውን ዲጄ ይመርጣሉ። ከሌለው ክበቡ ግብሩን ቆርጦ፣ በላዩ የአሠሪ መዋጮ 31.42 በመቶ መክፈል አለበትና። ኤፍ-ስካት ያወጣ ሰው ግን ከትርፉ ላይ የራሱን መዋጮ 28.97 በመቶ፣ ከዚያም የገቢ ግብሩን ይከፍላል፤ ስለዚህ የደሞዝተኛን ዋጋ አይጠይቅ። ሞምስን በሚመለከት ከ2025 ጀምሮ የዓመት ሽያጩ ከ120,000 ክሮነር የማይበልጥ አነስተኛ ነጋዴ ነፃ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የደራሲነት መብት ሲሸጥ 6 በመቶ፣ የሚክሲንግ አገልግሎት ሲሆን 25 በመቶ ነው። የዲጄ ምሽት እንደ አሠራሩ ስለሚለያይ ለስካተቬርኬት በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ከመዝገቡ ጋር ማስቀመጥ ይበጃል። መዝገብና ደረሰኝ 7 ዓመት ይቀመጣል።

የመኖሪያ ፈቃድስ? በጥገኝነት ወይም በቤተሰብ ትስስር ፈቃድ ያገኘ ሰው የራሱን ሥራ ለመክፈት ሌላ ፈቃድ አያስፈልገውም። ከውጭ በራስ ሥራ ለመግባት የሚያመለክት ግን ከድርጅቱ ቢያንስ ግማሹን መያዝ፣ ለራሱ 200,000፣ ለባለቤቱ 100,000፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 50,000 ክሮነር መኖሩን ማሳየት አለበት። ፈቃዱ በመጀመሪያ ለ2 ዓመት ነው። ሲያልቅ ሚግራሾንስቬርኬት የሚመለከተው የድርጅቱን ሒሳብ ነው፤ ያለ ደረሰኝ በኪስ የገባው የቅዳሜ ማታ ገንዘብ እዚያ አይቆጠርለትም።